የሳንቃው ተራራ

ቆሟል ያ ተራራ።

በስንዱ መስኮት ፊት ለፊት ቆሟል። በቀኙ ሹል ጫፍ፣ በመሃሉ የወለቀ ጥርስ ቦታ የመሰለ ክፍተት፣ በግራው ቀስ እያለ የሚወርድ ትከሻ… ጠዋት ሰማያዊ ነው፣ ቀትር ላይ አመድማ፣ ሲመሽ ደግሞ፣ እንጃ፣ ለዚያ ቀለም ስንዱም ስም አላገኘችለትም።

ስንዱ ተራራ ታትማለች። አዎ፣ ተራራ! ሰው የሠርግ ጥሪ ያትማል፤ እሷ ተራራ። የዋንዛ ሳንቃ ላይ በመሮ ትቀርጸዋለች፣ ጥቁር ቀለም ትቀባዋለች፣ ወረቀት ታለብሰዋለች፣ በማንኪያ ጀርባ ታሸዋለች። ታዲያ ሳንቃው ላይ ግራ የነበረው ወረቀቱ ላይ ቀኝ ሆኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ገልብጣ ትቀርጸዋለች፣ ወረቀቱ ላይ እንዲቃናላት።

ይቃናላታልም። ያየው ሰው ሁሉ "ቁርጥ እሱን!" ይላል።

አንድ ሰው ብቻ አይልም።

የባሏ እናት፣ እማማ ዝማም፣ አብረዋት የሚኖሩት። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ያዞሩታል፣ ያርቁታል፣ ያቀርቡታል…

"አይ ልጄ። ይሄ አይደለም።"

"ምኑ ነው እማማ?"

"እኔ እንጃ። ብቻ ይሄ አይደለም።"

ተንኮል የለባቸውም እኮ! ተንኮል ቢሆንማ ለስንዱ በቀለላት ነበር። በሌላው በሌላው እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት፤ ተራራው ላይ ሲደርሱ ግን ድርቅ ይላሉ።

ቀረጸች እንደገና። ጫፉን አሾለች… ይሄ አይደለም። ክፍተቱን አሰፋች… ይሄ አይደለም። ደመና ጨመረችበት። "ደመናውስ ደስ ይላል" አሉ፣ "ተራራው ግን ይሄ አይደለም።"

መጀመሪያ ተናደደች። ንዴቱ ሲያልፍ ጉጉት ሆነባት። እኒህ ሴት የትኛውን ተራራ ነው የሚያውቁት? አገራቸውን ሲጠየቁ "ከወዲያ ነኝ" ይላሉ፣ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። በልጅነታቸው ተድረው፣ ፊታቸው ተሸፍኖ፣ በበቅሎ መጡ፤ አልተመለሱም። ከወዲያ… ከወዲያ ምን አለ?

እንዲህ ስትጓጓ ዓይናቸው ይደክም ጀመር። ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣቸውም። መጀመሪያ ጫፉ ጠፋቸው፣ ቀጥሎ ክፍተቱ፣ አንድ ጠዋት ደግሞ ወደ መስኮቱ ዞረው "ዛሬ ጉም ነው እንዴ?" አሉ።

ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ነበር።

ስንዱ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። አንዲት ጊዜ ብቻ "ይሄ ነው" እንዲሏት ነበር የፈለገችው። አሁን ወረቀቱን በምን ያዩታል?

በምን? በእጃቸው ነዋ! ወረቀት ልሙጥ ነው እንጂ ሳንቃው መች ልሙጥ ነው! ገና ቀለም ያልነካውን ሳንቃ ይዛ መጥታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

"እማማ፣ እስኪ ይዳስሱት።"

ጣታቸው ከግራ ተነሳ። ሹሉን ጫፍ አገኘ… ቆመ። ወደ ክፍተቱ ገባ… ቆመ። በቀኝ ትከሻውን ይዞ ቀስ እያለ ወረደ፣ ሰፈሩን እንደሚያውቅ ሰው።

"ውይ!" አሉ እማማ ዝማም። "ውይ በሞትኩት! ይሄ ነው! ይሄ ነው ልጄ!"

ስንዱ ሳንቃውን አየችው፤ ልክ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያህል። ጫፉ በግራ፣ ትከሻው በቀኝ። ከተራራው ወዲያ ቆሞ ለሚያይ ሰው እንዲህ አይደል የሚታየው! ያን ሁሉ ዘመን ወረቀቱን ስታሳያቸው፣ የእሳቸው ተራራ ሳንቃው ላይ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ነበር።

"አንቺ እኮ ጀርባውን ነው የምታትሚው" አሉ፣ ጣታቸውን ከሳንቃው ሳያነሱ። "ፊቱ በእኛ በኩል ነው።"

"ቤታችሁስ? ቤታችሁ የት ጋ ነበር?"

ጣታቸው ፈለገ፣ ፈለገ… ከክፍተቱ ሥር አረፈ።

"እዚህ። ጠዋት ፀሐይ በዚች ትገባና መጀመሪያ የምታገኘው የኛን ደጅ ነበር።"

"ጣትዎን ያንሱልኝ፣ ልቅረጸው።"

"አላነሳም! ካነሳሁማ ይጠፋኛል። በጎኑ ቅረጪ!"

ትንፋሿን ይዛ፣ ከጣታቸው ጎን፣ በመሮው ጫፍ ትንሽዬ ቤት ቀረጸች። እየቀረጸች ጠየቀች፤ ምንጭ ነበረ? ዛፍስ? ከወዲያ ምን አለ? እማማ ዝማምም ያን ሁሉ ዓመት ያልወጣቸው ቃል እየተከታተለ ወጣላቸው፣ ምሳ እስኪረሳ ድረስ።

ከዚያ ቀለም ቀባችው፣ ወረቀት አለበሰችው፣ አሸችው። ስታነሳው ተራራው እንደ ወትሮው ቀና ብሎ ወጣ፤ ጫፉ በቀኝ፣ ትከሻው በግራ። ከክፍተቱ ሥር ግን፣ በጥቁሩ ገደል ላይ፣ ከዚህ መስኮት ሰው አይቶት የማያውቅ አንድ ነጭ ቤት አለ።

ወረቀቱን መስኮቱ አጠገብ ሰቀለችው። እማማ ዝማም ወደ ብርሃኑ ዞሩ።

"ዛሬም ጉም ነው?"

"ኧረ የለም እማማ። ጥርት ብሏል… ቤታችሁ ሳይቀር ይታያል።"

ቆሟል ያ ተራራ። ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሟል።