የተኛው አባወራ

በሰው አገር ሦስት ላጤ ሴቶች አንድ ቤት ተከራይተው ሲኖሩ ብታዩ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ልባችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? አትዋሹ። «ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል?» ነው። ወንዶች ቢሆኑ «ምስኪኖች፣ ማን ያበስልላቸዋል?» ትሉ ነበር። ሴቶች ሲሆኑ ግን ያልተቀጠረ ዘበኛ ሁሉ ከየመስኮቱ ብቅ ይላል።

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር፣ ከአዴ ድርቤ ግቢ የተከራዩት ሦስቱ ሴቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ማስተዋል በአንድ የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ ልታስተምር ከብቸና የመጣች ናት። ጸሐይወርቅ ከደሴ የመጣች ነርስ ስትሆን፣ የደብረ ብርሃኗ ሩት ደግሞ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ሦስቱም ፍቅር ይፈልጉ ነበር፤ ይህን ሲሰማ የሚያፍር ካለ ይፈር። ሩት በስልኳ ትፈልጋለች። ጸሐይወርቅ በሰው ሠርግ ላይ ትፈልጋለች። ማስተዋል ደግሞ እንደማትፈልግ እየማለች ትፈልጋለች።

ገና በገቡ ሰሞን አንድ የሰፈር ጎረምሳ ማታ ማታ የግቢውን በር እየደበደበ አላስቀምጥ ሲላቸው፣ መላውን ያስተማረቻቸው አከራያቸው ናት።

«በሩን ሳትከፍቱ ‹አባን መና ጅራ› በሉት» አለቻቸው አዴ ድርቤ። «ባል ቤት ውስጥ አለ ማለት ነው። ይሄዳል።»

«የማን ባል?» አለች ሩት።

«የማንም ይሁን! እሱ መታወቂያ አይጠይቅሽ!»

እውነትም ጎረምሳው ሄደ። ከዚያ ወዲያ የማያውቁት የወንድ ድምፅ በሩ ላይ በተሰማ ቁጥር ሦስቱም እንደ ጸሎት ይሉት ጀመር። ማስተዋል ኦሮምኛዋ ሲሻሻል ጭማሪ አበጀችለት፤ «አባን መና ኮ ረፋ ጅራ» ትላለች፣ ባሌ ተኝቷል ማለቷ ነው። ጸሐይወርቅ ለዚህ ለሌለ ባል ስም አወጣችለት፤ ጋሼ እንቅልፉ አለችው። «ጋሼ እንቅልፉ ዛሬም ሽንኩርት ሳይገዛ ጋደም አለ! ኧረ ምን ዓይነቱን አገባሽ አንቺ?» እያለች ትስቃለች።

ቀነአ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የውሃ ሥራ መሐንዲስ ነው፤ አንዴ ኡኬ፣ አንዴ ቢላ ሲመላለስ የሚውል። ማስተዋል ፈተና ልትፈትን ኡኬ ወርዳ ስትመለስ እሱም የተሳፈረበት ሚኒባስ ጎማ ፈነዳበትና ሁለቱም ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ያልፍ የነበረ ገበሬ ቆም ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው። በሰላምታው ውስጥ «ነጋ» የምትል ቃል ደጋግማ ተሰማቻት።

«ምኑ ነው የነጋው? ከሰዓት እኮ ነው» አለችው አጠገቧ የተቀመጠውን ወጣት።

ቀነአ ሳቀ። «ነጋ ማለት ሰላም ማለት ነው። ጠዋትም ነጋ ነው፣ ማታም ነጋ ነው፣ ስትለያዪም ነጋ ነው።»

ማስተዋል አፏን ያዘች። በእናቷ ቋንቋ ነጋ ማለት ጨለማው አለፈ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲነጋ የሚውል አገር! ሰው ለሰው ንጋት እየሰጠ የሚተላለፍበት መንገድ! ቀና ብላ የጉቶ ጊዳን አረንጓዴ ኮረብታ ስታየው፣ ስትመጣ ያየችው ኮረብታ አልመስላት አለ። ጎማው ተቀይሮ ሚኒባሱ ጥሩምባውን ሲነፋ እንኳ ለመነሣት አልቸኮለችም።

ከዚያች ቀን በኋላ ምን እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ክረምቱ ሲገባ ቀነአ ቁርጡን ተናገረ።

«ሽማግሌ ቤትሽ እልካለሁ።»

«መንገዱን እንዴት ያደርጉታል?» አለች ማስተዋል ደንግጣ። ብቸና ማዶ ነው፤ ዓባይ መሀል አለ፤ የመንገዱ ነገርም የሚታወቅ ነው።

«በእግራቸው ነዋ!» አለ ቀነአ።

ቀልድ መስሏት ከልቧ ሳቀች። ማታውኑ ግን ለእናቷ ደወለችና «እማ፣ ሰው ሊመጣ ይችላል፤ አባባን አለስልሽው» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ጆሮዋ ብቸና ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከተማዋ ጉም ለብሳ ሳለ፣ ማስተዋል ከቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ ፀጉሯን ስትታጠብ በሩ በከዘራ ተንኳኳ። ዝግ ያለ የወንድ ድምፅ ተከተለ።

«አባን መና ጅራ?»

ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። ምላሷ ከሐሳቧ ቀደመ። «ጅራ! ጅራ! አባን መና ኮ ረፋ ጅራ!»

ከበሩ ማዶ መንሾካሾክ ተሰማ። ቆየት ብሎ «ቶሌ። ነጋቲ» አለ ድምፁ። እሺ፣ በሰላም ዋይ እንደማለት ነው።

ማስተዋል ፎጣዋን ጠቅልላ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮለቀች። አራት ሽማግሌዎች ናቸው። ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ እያካፋ ጃንጥላቸውን አልዘረጉም። በእጃቸው የጨበጡት ግን ለምለም ሣር ነው። ከመካከላቸው ረጅሙ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ለተዘጋው የቆርቆሮ በር እጅ ነሣና ዞሮ ሄደ።

ሣር ይዘው፣ በዚህ ብርድ፣ ለቆርቆሮ እጅ የሚነሡ አባቶች! በእሷ አገር አማላጅ ድንጋይ ይሸከማል እንጂ ሣር አይዝም። የተጣላ ሊያስታርቁ ቤት ተሳስተው ይሆናል ብላ አሰበች። ሲርቁ፣ ጉሙ ሲውጣቸው፣ ፀጉሯ ውሃውን እያንጠባጠበ እዚያው ቆማ ቀረች። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው እንባዋ መጣ።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ቀነአ ስልክ አላነሣም። መናኸሪያው አጠገብ ፊት ለፊት ሲያያት መንገድ ተሻገረ።

«አብሽሪ» አለቻት ጸሐይወርቅ። «መሐንዲስ አይደል? የሆነ ቦታ ቱቦ ፈንድቶበት ይሆናል።»

ማስተዋል አልሳቀችም። ምግብ ተወች። እናቷ ከብቸና ደውላ «ኧረ አንች፣ ቤቱን ጠርገን ጠበቅን፤ ማንም አልመጣ» ስትላት ስልኩን ዘግታ ትራሷን ነከሰች።

ሐሙስ ዕለት አዴ ድርቤ ከሴቶች ጸሎት ስትመለስ በቀጥታ እነሱ ክፍል ገባች። ፊቷ ላይ ሳቅና ቁጣ ይታገላሉ።

«አንቺ ማስቲ! ባልሽ የታለ?»

«የምን ባል?»

«ፀሐይ እስኪወጣ የሚተኛው ባልሽ ነዋ! እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያልሰማ የለም። ቀነአ ሽማግሌ ልኮ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኦቦ ነመራ ራሳቸው እንደ ጋብቻ ወጋችን ሣር ይዘው መጥተው፣ አባን መና አለ ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ ባሌ ተኝቷል ብላ መለሰቻቸው ይላሉ!»

«ባል አለ ወይ ብለው ምን አስጠየቃቸው?» አለች ሩት።

«ባል መች አሉ? የቤቱ አባት፣ የቤቱ ኃላፊ ማለታቸው ነው! በእኛ ባልም አባን መና ነው፣ የቤት አባትም አባን መና ነው።»

ጸሐይወርቅ አልጋው ላይ ተደፍታ በሳቅ ተንፈራፈረች። «ጋሼ እንቅልፉ! አንተ ሰነፍ፣ ጉድ ሠራኸን!»

ማስተዋል ግን ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቤትሽ። ቤትሽ እልካለሁ ነበር ያላት። እሷ ቤት ማለት የአባቷ ቤት መስሏት፣ ሦስት ፍራሽና አንድ የጋዝ ምድጃ ያለበትን ይህን ኪራይ ቤት ቤት ብሎ የሚቆጥር ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም። ጎረቤቱ የሚያጮልቅበት በር፣ ወንድሟ በስልክ «የሴት ጎጆ» እያለ የሚሣለቅበት በር ነው። በዚያ በር ላይ የከተማው አንቱ የተባሉ አባቶች ማልደው፣ ሣር ጨብጠው፣ እንደ ታላቅ ሰው ቤት ደጅ ጠኑ። ባርኔጣ ያወለቁት ለእሷ ነው። ለእነዚህ ለሦስቱ ነው። ማስተዋል ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የተሰቀለውን የሩትን ካልሲ ሳይቀር እያየች ዓይኗን ማመን አቃታት። ለካ ቤት ኖሯቸዋል!

ከዚያ ግን ንዴቱ መጣ። እሰይ መጣ።

እሑድ ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አዴ ድርቤና ቀነአ ቤተ ክርስቲያን ወረዱ። ማስተዋል የወንጌላውያንን ደጅ ረግጣ አታውቅም። ከውስጥ መዝሙሩ ሲወጣ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም በአንድ ትንፋሽ በአራት ድምፅ ሲዘምር፣ እግሯ ከአጥሩ ሥር ተተከለ። ይህን ያህል ሰው ሳይጋፋ፣ አንዱ ድምፅ ሌላውን ሳይደፍቀው! ለአፍታ የመጣችበትን ረሳች። ጸሐይወርቅ በክርኗ ጎሰመቻት።

ሕዝቡ ሲወጣ ያንን ረጅም ሽማግሌ አወቀቻቸው። ፊታቸው ሄዳ ዝቅ ብላ «አካም ቡልተን፣ ኦቦ ነመራ» አለች፣ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው። ከዚያም በተሰባበረ ኦሮምኛ፣ ሲያቅታት በአማርኛ፣ ጎረምሳውን፣ የአዴ ድርቤን ዘዴ፣ ሳሙናውን ነገረቻቸው። ሰዉ ከመሄድ ቆመ። አዴ ድርቤ ከኋላ «እውነት ነው! እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው!» ብላ ጮኸች።

ኦቦ ነመራ እስኪበቃቸው ሳቁ፤ ከዘራቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጆቼ» አሉ በጠራ አማርኛ። «ሴት ልጅ በዚህ ከተማ የሌለ ባል ፈጥራ ካልተከለለች የማትኖር ከሆነ፣ ነውሩ የእኛ ነው። ይቅር በሉን። ደግመን እንመጣለን። የቤቱን ታላቅ እንጠይቃለን፤ ማን ናት?»

«እኔ» አለች ጸሐይወርቅ። ያለ ቀልድ ስትናገር ማስተዋል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማቻት። «እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

ቀነአ የመዘምራን ልብሱን እንደለበሰ ከሕዝቡ መሀል ወጣ። ጆሮው ቀልቷል። ወደ ማስተዋል ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማስቲ፣ ነይ... ወደዚያ ዞር ብለን እንነጋገር።»

«የትም አልዞርም» አለች ማስተዋል። የቆመው ሰው ሁሉ ሰማት። «እነዚህ አባቶች አያውቁኝም፤ የሰሙትን ይዘው ሄዱ፣ ጥፋት የለባቸውም። አንተ ግን ታውቀኛለህ። ስልኬ አለህ። ሁለቱንም ቋንቋ ትችላለህ። ኦቦ ነመራ ሁለት ጊዜ ቀርቶ ሦስት ጊዜ ቢመጡ፣ አንተ ይህን ሳትመልስ ያ በር አይከፈትም። ባል አላት ሲሉህ፣ ከእኔ ከራሴ አፍ መስማት ስለ ምን አላስፈለገህም? መልሱ ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ባለትዳር ናት ሲባል ለሰማው ለዚህ ሕዝብም ነው። እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ መልስ።»