ሁለተኛው ርችት

በግንቦት የመጨረሻ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በአሠልጣኝ ሳቢን ኦላባሪ ቤት ውስጥ እሱና ሚስቱ ማይደር ብቻ ነበሩ። ከበሩ ውጭ ዝናቡ ያልበተናቸው ሠላሳ ያህል ወንዶች ቆመዋል።

ሳቢን ዳኛ በመግፋቱ ስታዲየም እንዳይገባ ተቀጥቷል። ቡድኑ ከምድቡ እንዳይወርድ የግድ ማሸነፍ ያለበትን ጨዋታ የሚከታተለው እንደ ዓሣ አጥማጆቹ በጆሮው ነበር። በዚህች የወደብ ከተማ ጎል ሲገባ፣ ባሕር ላይ ያሉት እንዲሰሙ፣ ሽማግሌው ፔዮ ከኮረብታው ስታዲየም ጀርባ ርችት ይተኩሳል። ለእንግዳው ቡድን አንድ፣ ለባለሜዳው ሁለት። ነፋሱ ከባሕር ስለሚነፍስ ሌላ ድምፅ ከላይ አይመጣም ነበር።

በመጀመሪያው አጋማሽ ርችቱ አንድ ጊዜ ጮኸ። ሰዎቹ ጨዋታውን ጥለው ቁልቁል የወረዱት ያኔ ነው። የሳሎኑ መስኮት በድንጋይ ረገፈ። ከዕረፍት በኋላ ሁለት ጊዜ ሲጮኽ ድንጋዩ ቆመ፤ ግን ማንም አልሄደም። አቻ መውጣት አያድንም።

«በጓሮ በኩል እንውጣ» አለች ማይደር፣ ስብርባሪውን እየጠረገች።

«በዚህ በር በትከሻቸው ተሸክመውኛል። እንደ ሌባ በጓሮ አልወጣም።»

እውነቱን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ቡድኑ ወደዚህ ምድብ ሲያድግ ከዚሁ ደጅ አንሥተው እስከ ወደቡ ወስደውት ነበር። ከፊት የተሸከመው የመርከብ መካኒኩ ኮልዶ ነው፤ በዚያው ሰሞን የተወለደ ልጁን ሳቢን ብሎ ሰይሞታል። አሁን የብረት ዘንግ ይዞ ደጁ ላይ የቆመውም እሱ ነው።

«ሚስተር!» አለ አንዱ ከውጭ፤ አሠልጣኛቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነበር። «ሽንት ቤት ተደበቅክ እንዴ? ውጣና አሰላለፉን ንገረን!»

«ተወው ባክህ፣ ሻንጣውን እያሰረ ነው!» አለ ሌላው። ተሳሳቁ።

የኮልዶ ድምፅ ግን አልሳቀም። «ልጄን ከእንግዲህ ምን ብዬ ልጥራው? አንተው ንገረኝ!»

ያን ጊዜ ርችቱ ፈነዳ። አንድ።

ሳቢን ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ፤ ውጭ ያሉትም እንደሚጠብቁ ያውቃል። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ሁለተኛው አልመጣም።

«ፎቅ ውጪ» አላት ሚስቱን። ከዚያ መቀርቀሪያውን ራሱ ስቦ በሩን ከፈተ።

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። በሁለተኛው ክንዱ ሲሰበር ድምፁን ሰማው። ደረጃው ላይ ሲወድቅ ጫማዎች ጎኑን አገኙት፤ አፉ በደም ሞላ። «ይሄ ለልጄ!» ይላል ኮልዶ በየእርግጫው፣ «ይሄም ለልጄ!» ማይደር ፎቅ አልወጣችም፤ በመጥረጊያው እንጨት ኮልዶን ግንባሩ ላይ ፈነከተችው። ኮልዶ ደሙን ጠረገና ዘንጉን በሳቢን ራስ ላይ አነሣ።

ከኮረብታው ሌላ ርችት ፈነዳ።

ዘንጉ አየር ላይ ቀረ። ነፋሱ ለአፍታ ዞረና የስታዲየሙን ዘፈን ይዞ መጣ፤ የራሳቸውን ዘፈን።

«ፔዮ ሁለተኛው ርችት ረጥቦበት ነው የዘገየው» አለ አንዱ ቀስ ብሎ። «ረጥቦበት ነው እንጂ... አግብተናል!»

ኮልዶ ዘንጉን ጣለ። ጎንበስ ብሎ «ሚስተር» አለ፣ «አይዞህ፣ ሚስተር»፤ እጁንም ከሳቢን ብብት ሥር አስገባ። የተሰበረው ክንድ ሲነካ ሳቢን ጮኸ። ሰዎቹ የደስታ መስሏቸው አብረውት ጮኹና አነሡት።

«አውርዱት! አውርዱት፣ እናንተ አውሬዎች!» እያለች ማይደር በዝናቡ ትከተላቸው ነበር። የሳቢን ደም በኮልዶ ፀጉር ላይ ይንጠባጠባል።

እስከ ወደቡ ወሰዱት። ሆስፒታል የደረሰው ከመሸ በኋላ ነው።