የዘር ቅሬው ጉድጓድ

ወላሂ፣ ከዚህ በታች ከምጽፈው አንዲት ቃል ውሸት ካለባት የሆርማት ወንዝ ጎርፍ ሽቅብ ወደ ተራራው ይመለስ፤ እኔ ታሂርም ዕድሜ ልኬን በሰው ማሽላ ላይ ወፍ ስጠብቅ ልኑር። ከወልድያ እስከ አላማጣ ባለው መንገድ እኔን የማያውቅ የጭነት መኪና ሾፌር የለም። ካለም አዲስ ገቢ ነው።

ነገሩ የሆነው በሰባ ስምንት ነው። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ሰው ከብቱን ሸጠ፤ ቀጥሎ ዘሩን በላ። ደጋሌት የሚባለው የአባቶቻችን ረጅም ማሽላ ከቆቦ ዙሪያ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። በሰባ ስምንት ኅዳር ጥቂት ቤት ጥቂት ዛላ አጨደ። ያቺ ዛላ እስከ ሚያዝያ ካልቆየች የሚዘራ የለም፤ የሚዘራ ከሌለ ደግሞ እንደገና መንገድ ዳር መሰለፍ ነው። ሆድ እስከ ሚያዝያ አይታገሥም። ከሆድ የተረፈውንም መንግሥት በኮታ ስም ይወስደዋል።

ይህን ጊዜ ነው እኔ ወደ ሮቢት የሄድኩት። በእግሬ፣ በአንድ ትንፋሽ። እዚያ የዘር ቅሬ አለ ሲባል ሰምቼ ነው። ቅሬ መቼም እስላም ክርስቲያኑ ለቀብር በአንድ የሚቆምበት ማኅበር ነው። ሮቢቶች በዚያው ሥርዓት ዘር ያስቀምጣሉ፤ በአጨዳ እያንዳንዱ ቤት ከምርጡ ዛላ ያገባል፣ በሚያዝያ ያጣ ሰው ይወስዳል፣ ሲደርስለት ቁናውን ቆልሎ ይመልሳል። በዚያ ክፉ ቀን እንኳ ዘራቸው አልጠፋም። ሽማግሌያቸው እጄን ስመው፣ “እንዳንተ ያለ አስተዋይ መጥቶብን አያውቅም” አሉና ሦስት ምክር ሰጡኝ። አንደኛው፣ ዘሩ ከምርጡ ይሁን። ሁለተኛው፣ የቀብሩን ቅሬ የሚመሩት ሰዎች ይምሩት። ሦስተኛውን ረስቼዋለሁ፤ ትንሽ ነገር ናት።

ተመልሼ ሰፈሩን ሁሉ ግራሩ ሥር ሰበሰብኩ።

“አያ ታሂር፣ ማን ላከህ?” አለኝ ወልደ ሚካኤል። የእርሻ ድንበርተኛዬ ነው፤ የገዛ ጥላውን አያምንም።

“ማንም አልላከኝም!”

“ኮታ ሰብሳቢው ትናንት አብሮህ ሻይ ሲጠጣ አየሁት።”

“የጋበዝኩት እኔ ነኝ።”

“ይኸው! ያልተላከ ሰው ለኮታ ሰብሳቢ ሻይ ይጋብዛል?”

ሰው አጉረመረመ። እኛ ዘንድ ለእንግዳ ፍየል ይታረድለታል እንጂ የእህል ጉድጓድ አይታይለትም። ሰው ማሽላውን ከመሬት በታች ቀብሮ፣ አፉን በጭቃ መርጎ፣ ላዩን አፈር አልብሶ፣ ለወንድሙ እንኳ ትንፍሽ አይልም።

“አንተዬ፣ የራስህን ጉድጓድ መች ለሚስትህ አሳየህና ነው የእኛን የምትሰበስበው?” አለ ወልደ ሚካኤል ደግሞ።

“አሳይቻታለሁ!”

“ታዲያ ኡሙሃኒ ለምን የራሷን ቆፈረች?”

ሳቁ ግራሩ ላይ ያለውን ወፍ አስነሣ። ምቀኝነት ነው ብዬ አለፍኩት።

ያዳነችኝ መይሙና ናት። የቅሬው የሴቶች አለቃ ናት፤ ድምጿ ከትንኝ ያንሳል፣ ግን ስትናገር ሁሉም ዝም ይላል። “እናግባ” አለች። “ጉድጓዱ በታሂር ደጅ ይሁን። ጠባቂውም እሱ ይሁን። ከእሱ የበለጠ የሚታወቅ ሰው የለንም።”

ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያለችው!

ጉድጓዱን ብቻዬን በአንድ ጧት ቆፈርኩት፤ ግመል ከነጭነቱ ይገባበታል። ሴቶቹ በጆንያ በጆንያ ተሸክመው መጡ። “ዘር የወንድ ዓይን አይወድም” ብለው ፊቴን ወደ ዞብል ተራራ አስዞሩኝ፤ ራሳቸው ጨመሩ፣ ራሳቸው መረጉ። በዚያው ሳምንት ወሬውን ከቆቦ ገበያ እስከ ዋጃ አዳረስኩት። እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቶ ዝም ይባላል?

ከዚያ በኋላ ግን ሰላም አጣሁ። በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ አመድ ነስንሼ ስጠብቅ አንድ ቀን የበረባሶ ዱካ አገኘሁ። ወልደ ሚካኤል ቤት ሄጄ፣ በረባሶውን ደጅ እስኪያወልቅ ጠብቄ በስንዝር ለካሁት። ልክ ነው! ችግሩ፣ የእኔም በረባሶ ልኩ ያው ሆነ። እቤት ስገባ ደግሞ ኡሙሃኒና መይሙና ሲንሾካሾኩ አገኛቸውና ዝም ይላሉ።

“ምንድን ነው?”

“የወሊድ ነገር ነው” ትለኛለች ኡሙሃኒ።

“ማን ወለደች?”

“ገና ናት።”

ሁለት ወር ሙሉ ገና ናት! ሌቦቹ ከቤቴ ናቸው ማለት ጀመርኩ።

በጥር ጓድ እሸቴ መጣ፤ ያው ሻይ የጋበዝኩት ኮታ ሰብሳቢ። ጫፉ የሾለ ረጅም ብረት ይዞ በየደጁ መሬት ይወጋል፤ ብረቱ ያለ ትግል ከሰመጠ ከሥሩ እህል አለ ማለት ነው። እኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን፣ እህል ውኃ ሳልቀምስ!

“ታሂር፣ ተነሣ” አለኝ።

“ጓድ፣ ይህ የቅሬ ነው! ቅሬን የነካ ሰው የሚቀብረው ያጣል!” ብዬ ጮኽኩበት።

ብረቱ ከእጁ ወደቀ። አንድ ጫማውን ጥሎ ወደ መኪናው ሮጠ። እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

በሚያዝያ ከጁምዓ ስመለስ ዘሩ ወጥቶ፣ ተከፋፍሎ አገኘሁት። የታፈነ ጉድጓድ ሲከፈት አየሩ ይገድላልና እኔን እንዳያጡ አስበው ነው። ለሁሉም ቤት ደረሰ። ደጋሌቱም እንዲህ አደገ፤ የአፋር ነጋዴዎች ግመሎች ገብተውበት ሁለት ቀን ጠፍተው ተገኙ።

ባለፈው ሳምንት የዋጃ ሰዎች የእኛን አይተው የራሳቸውን ሊጀምሩ መጡ። እነሱ ዘንድ የቀረው ደጋሌት ጥቂት ነው፤ ይህ ካመለጣቸው ሌላ የላቸውም። ግራሩ ሥር አስቀምጬ ይህንኑ ታሪክ እንዳለ አወራሁላቸው። መሪያቸው በድረዲን እስከ መጨረሻው አፉን ከፍቶ ሰማኝና፣ “ማሻ አላህ! እኛም እንደ አያ ታሂር ያለ ደፋር መርጠን ዘሩን በደጁ እንቀብራለን” አለ።

መይሙና ከጎናችን ተቀምጣ ዛላ ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል፣ “እንደሱ አታድርጉ” አለች። “ዘራችሁ ያልቃል።”

“ምነው እናቴ?”

“ሮቢት የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ለእህቴ ልጅ ሰርግ። ያኔ ታሂር ከቆቦ አልወጣም። ከሦስቱ ምክር ሁለቱን ነገርኩት። ሦስተኛው፣ የዘሩን ቦታ ወሬ የሚወድ ሰው አይወቅ የሚል ነው።”

“እቴ መይሙና፣ ጉድጓዱስ?” አልኳት።

“ገለባ ነው የሞላንበት፣ ወንድሜ። ዘሩ በየሴቱ ቤት ከምድጃ በላይ፣ ጭስ እየጠጣ ጥቂት ጥቂት ተንጠልጥሎ ነበር።”

“እሸቴን ያባረርኩትስ?”

“እሸቴ ሲመጣ አንተ ዋጃ ነበርክ። ጉድጓድህን ከፍቶ ገለባውን አየ። ‘ይህ ሰውዬ እንደ ልማዱ ዋሽቷል፤ የዘር ቅሬ የሚባል ነገር የለም’ ብሎ የማንንም ቤት ሳይወጋ ሄደ።”

መይሙና የለቀመችውን ዛላ ወደ አንድ ጎን አድርጋ በድረዲንን አየችው።

“ከእናንተ ውስጥ አብዝቶ የሚያወራው ማን ነው?”

ዋጃዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

“ጉድጓዱን ለእሱ ስጡት” አለች።