አረቄ የሚጠጣው ሞተር

በደብረ ብርሃን ከተማ አረቄ በጄሪካን ገዝቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ፣ በጠራራ ፀሐይ የሚሄድ አንድ ሙስሊም ቢኖር እኔ ነኝ። ዓወል እባላለሁ፤ መካኒክ ነኝ፤ በዕድሜዬ አንዲት ጠብታ ቀምሼ አላውቅም። የሚጠጣው መኪናዬ ነው። ይህንን ለሰው ሁሉ እየዞርኩ ማስረዳት ነበረብኝ? አልመሰለኝም። ልቡ ንጹሕ የሆነ ሰው ምን ቸገረው ብዬ ነበር። ይኸው ቸገረው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሞተሩ የተቃጠለ ባለ ቱርቦ መኪና ገዛሁ። ቱርቦ አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። አየሩ በሳሳበት በእኛ ደጋ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ግን ምግብ ይመርጣል። ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ካልሰጡት፣ ካንዴላው እሳት ሳያቀብለው ቤንዚኑ በራሱ ጊዜ ይፈነዳና ሞተሩ ያንኳኳል። ዳገት ላይ ሲያንኳኳ ዝም ካሉት ፒስተን ያቀልጣል። ማደያ ሦስት ቀን ተሰልፎ የሚገኘው ቤንዚን ለእሱ አይበቃውም። በየመንገዱ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ደግሞ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ነው፤ ከዝንብ ማር አይጠበቅም።

ድሮ ቤንዚን ውስጥ ከስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኢታኖል ይጨመር ነበር። ኢታኖል ኦክቴን ከፍ ያደርጋል፣ ሞተሩንም ያቀዘቅዛል። ኢታኖል ማለት ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፤ አረቄን አረቄ የሚያደርገው ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ አረቄ የሚያጣ ሰው የለም። ከጋራዤ ጀርባ ወይዘሮ እታፈራሁ የሚባሉ አረቄ አውጪ አሉ፤ የእሳቸው ዳግም አገር ያወቀው ነው።

ዳግም ማለት ሁለት ጊዜ የወጣ አረቄ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። ቤንዚንና ውሃ ደግሞ አይስማሙም። ስለዚህ ጓሮዬ ውስጥ እንደገና አወጣዋለሁ። ከዚያ ያልራሰ ኖራ ጨምሬበት አሳድረዋለሁ፤ ኖራው የቀረውን ውሃ ይመጠዋል። ከዚያ አንዴ ደግሜ አወጣዋለሁ። በማንኪያ አድርጌ ሳነደው ጠብታ ውሃ ካላስቀረ በቃ፣ ከዘጠኝ ሊትር ቤንዚን ጋር አንድ ሊትር እቀላቅላለሁ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ ሞተሩ አንዴም ሳያንኳኳ ወጣ። ወይዘሮ እታፈራሁ መኪናዬ ከሟች ባላቸው እንደሚብስ ነግረውኛል።

ይህ ሁሉ ድካም ለልጄ ነበር። ሚስቴ ነጅዋ ስትሞት ልጃችን ዩምና ስድስት ዓመቷ ነበር። ከአንኮበር በታች፣ ቆላው አልዩ አምባ፣ እኅቴ መሪማ ዘንድ አደገች፤ እኔ ደጋው ላይ ቀረሁ። መጀመሪያ በየሳምንቱ እወርድ ነበር፣ ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ ለበዓል ብቻ። ሥራ በዛብኝ እል ነበር። እውነቱ ግን ልጅቷ እናቷን እየመሰለች ስትሄድ ማየቱ ከበደኝ። ሰው ሲሸሽ ይለምድበታል። ሠርቼ ስገባ «እንዴት ዋልክ» የሚለኝ ሰው ከሌለ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት በጭነት መኪና የአንኮበርን ዳገት ይዣት ስወጣ መንገዱን ሙሉ አስመለሳት። ጎረቤላ ስንደርስ አፏን እየጠረገች፣ ሳገባ በራስህ መኪና ነው የምታወጣኝ ብላ አስማለችኝ። ማልኩላት። ቁልቁለቱን ማንም ይወርደዋል፤ ኦክቴን የሚፈልገው ዳገቱ ነው።

በታኅሣሥ ለአንድ እሑድ ኒካሕ ተቆረጠ። ሙሽራው አብዱልሀፊዝ የሚባል፣ አዲስ አበባ የሚነግድ ጨዋ ልጅ ነው። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅን የሙሽራውን እጅ ጨብጦ የሚድራት ወሊዋ ነው፤ ወሊዋም አባቷ ነው። ለልጄ የረባ አባት ሳልሆን ኖሬ፣ ቢያንስ ያቺን ቀን እጄ እንዲኖርባት ፈልጌ ነበር። ከዚያ በላይ የፈለግኩት ነገር አልነበረም።

አሥር ቀን ሲቀረው ታናሽ ወንድሜ ዓብዱራህማን ከአልዩ አምባ ደወለ። አራት ወር ሙሉ ስልኬ ላይ ከደንበኛ በስተቀር ማንም አልደወለም ነበርና ደስ ብሎኝ አነሳሁት። ዙሪያውን ዞር ዞር አለና፣ አረቄ በጄሪካን ስትገዛ ታይተሃል፣ ጓሮህም ታወጣለህ ይባላል፣ እውነት ነው ወይ አለኝ። ለመኪናው ነው ብዬ ብመልስ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። ግን በአራት ወር አንዴ ደውሎ እንዴት ነህ ሳይለኝ ይህንን መጠየቁ አንገበገበኝ።

«አዎ፣ እጠጣለሁ» አልኩት። «ለቁርስም ለምሳም። በጄሪካን ነው የምጠጣው።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያ፣ ሽማግሌዎቹ የሚጠጣ አባት ወሊ አይሆንም እያሉ ነው» አለ።

«እንግዲያው አንተ ዳራት» አልኩና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በዚያም አላበቃሁም፤ ጭራሽ አጥፍቼ የመኪናው ኪስ ውስጥ ወረወርኩት። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ አባቶች። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ልጅ ያልነበረው ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ ጓሮ እሳት ማንደድ አስጠላኝ። የጎረቤቱ ዓይን ሁሉ ጭሴ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ለመንገድ ያሰብኩትን አረቄ አንዴ ብቻ አወጣሁና ኖራውን ተውኩት። ቀን ላይ ከቤንዚኑ ጋር ስቀላቅለው ኩልል ብሎ ስለታየኝ ይበቃል ብዬ ታንከሩን ሞላሁ። የታኅሣሥን ውርጭ ረሳሁት። በደብረ ብርሃን ብርድ አንድ ሌሊት ሲያድር፣ በአረቄው ውስጥ የቀረው ውሃ አረቄውን ይዞ ከቤንዚኑ ተለየና ታንከሩ ሥር ተኛ።

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳሁ። ኒካሑ ለአራት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ላይ፣ የአንኮበር መንገድ ሜዳው መሐል፣ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ጠፋ። ከታንከሩ ወደ ጠርሙስ ስቀዳ ላዩ ቤንዚን፣ ታቹ ውሃና አረቄ ሆኖ ታየኝ። የገዛ እጄ ሥራ ስለሆነ የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ።

የማውቀው የሚኒባስ ሾፌር ቆመልኝና፣ ልጅህን እየዳርክ አይደለም እንዴ፣ ግባ እንጂ አለኝ። ሂድ አልኩት። መኪናዬን ጥዬ አልሄድም አልኩት፤ ግን ምክንያቱ እሱ አልነበረም። ወንድሜ በእኔ ቦታ ተቀምጦ የዚያን ልጅ እጅ ሲጨብጥ ማየት አልቻልኩም። ኒካሑ ይለቅና፣ ዘጠኝ ሰዓት ለጉዞ ሲነሱ ደርሼ ዳገቱን አወጣታለሁ አልኩ። እናም ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ እያወቅኩ ስድስት ሰዓት ሠራሁት። ታንከሩን ባዶ አደረግኩ፣ ፓምፑን ፈታሁ፣ ያጸዳሁትን መልሼ አጸዳሁ። ሜዳው ላይ ከነፋሱ በቀር ድምፅ አልነበረም። ከዚያ አላፊ መኪና ለምኜ ጎረቤላ ሄድኩና አምስት ጠርሙስ የመንገድ ቤንዚን ገዝቼ ተመለስኩ። ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸታል። ቀስ ብዬ እነዳዋለሁ ብዬ ጨመርኩት።

ከአንኮበር በታች ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ጥሩንባ ሰማሁ። ወራጅ ለወጪ ቦታ ይለቃልና ጥግ ይዤ ቆምኩ። አራት መኪና ተከታትሎ መጣ። ከመጨረሻው በፊት ያለው መኪና መስኮት ወርዶ «አቁም፣ አቁም» ሲባል ሰማሁ። ዩምና ነበረች። መሪማ ከጎኗ ሆና ክንዷን ይዛታለች። ዘይት በነካው እጄ መስኮቱ ሥር ሄጄ ቆምኩ።

«አባ፣ ስልክህን ለምን ዘጋህ?» አለችኝ።

ኒካሑ አለቀ ወይ አልኳት።

«እስከ ዙህር ሶላት ጠበቅንህ። አባቴ ቢጠጣም አባቴ ነው፣ ከሱ ሌላ ወሊ አልፈልግም ብዬ ሼሁን አስቸግሬ እሺ አሰኝቻቸው ነበር። አሥር ቀን ሙሉ ደወልኩልህ። ስልክህ ቢዘጋም መምጣትህን አልተጠራጠርኩም።»

«ወላሂ ዩምና፣ ጠጥቼ አላውቅም። ለሞተሩ ነው። አንቺን ላወጣበት ነው።»

አየችኝ፤ ማመኗን ከፊቷ አወቅኩ፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ። ከኋላ ያለው ሾፌር ዳገት ላይ ፍሬን ይዞ መቆም አቅቶት ጥሩንባ ነፋ። መሪማ፣ የወንዱ ወገን ሳይመሽ እንግባ ብሎ ነው ቀድመን የተነሳነው፣ ሙሽራም መንገድ ላይ አትወርድም እያለች መስኮቱን መለሰችው። ሳይዘጋ ዩምና «አውፍ በለኝ አባ» አለች። ጥፋቱ የኔ፣ ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ።

መኪናዬን አዙሬ ተከተልኳቸው። ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ማንኳኳት ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን እግርህን አንሳ ብዬ እጮህበት ነበር። የመጨረሻው መኪና ጥምዙን ሲዞር አየሁና ረገጥኩት። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ሞተር ነው። ባወቅኩት ልክ፣ ባወቅኩት ቦታ፣ ነጭ ጭስ ተፋና ቆመ። ጥሩንባው ከላይ እየራቀ ሄደ።

ስልኩን ከመኪናው ኪስ አወጣሁና አበራሁት። መልእክቱ ሁሉ ተራ በተራ እስኪገባ አልጠበቅኩም፤ ደወልኩላት። ወዲያው አነሳችው።

«ሞተሩ ቆመ» አልኳት። «እንዳትመለሱ። ዝም ብለሽ አውሪኝ፤ ኒካሑ እንዴት ነበር?»

አወራችኝ። ስለ ሂናዋ፣ ስለ ልብሷ፣ አክስቷ እንዴት እንዳለቀሰች። እኔ እምም እያልኩ ሰማኋት። ከዚያ፣ አባትየው ካልመጣ ያለ እሱ ፈቃድ ማን ይድራታል ተብሎ ጭንቅ ሆኖ እንደነበር ነገረችኝ። ሼሁ አጎቷን ጠርተው፣ አባቷ በአፉ ውክልና ሰጥቶሃል ወይ ብለው ጠየቁት አለች።

«አጎቴ አለቀሰ፤ ከዚያ አዎ፣ በስልክ አንተ ዳራት ብሎኛል አለ። ሼሁ ይበቃል አሉ። በዚያ ቃልህ ተዳርኩ አባ። ስትለው ግን ምርቃት ጨምረህበት ነበር?»

አዎ ልላት አፌን ከፈትኩ። መኪናቸው ጋራውን ዞሮ ኖሮ መስመሩ ተቆረጠ።