ሸሚዙ እስኪያልቅ

ወንድሜ አንሙት ለአገሩ ፋብሪካ ያመጣ ሰው ነው። ይህን እኔም አልክድም። ግን ሰው ሁሉ «የብርጓል፣ እንዲህ ያለ ወንድም የሰጠሽ እግዜር ይመስገን» ባለኝ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል። እንዴት እንዳመጣው የማውቀው እኔ ነኛ! አብሬው ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ከእሱ ይልቅ የምናደደው በራሴ ነው።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ነው። ከተማችን ሾላ በር ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ አርባ ደቂቃ ብትርቅ ነው። አንሙት የወረዳችን አስተዳዳሪ ከሆነ ገና ዓመቱ ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት ሁለቱ አስተዳዳሪዎች ከመንገዱ ዳር ያለው ሜዳ ላይ የመሠረት ድንጋይ እየጣሉ ሄደዋል፤ አንዱ ለፓስታ ፋብሪካ፣ አንዱ ለወተት። ፓስታም አልበላን፣ ወተትም አልጠጣን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እርግጥ የሰፈራችን ላሞች ተጠቅመዋል፣ ድንጋዩ ላይ ጎናቸውን ያኩበታል። እና አንሙት ቤቴ መጥቶ «እትዬ፣ ፋብሪካ ላመጣ ነው» ሲለኝ «አንተ ልጅ፣ ድንጋይ አልበቃንም?» አልኩት።

«ይኼኛው ድንጋይ የለውም። ሰው ነው ያገኘሁት» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ወይዘሮ ፀደንያ የምትባል፣ አዲስ አበባ የሸሚዝ ፋብሪካ ያላት ባለሀብት አግኝቷል። ቢሮዋ ደጃፍ ላይ ሁለት ቀን ተመላልሶ ነው ያገኛት። ሴትዮዋ ታዲያ እንደኛ ሹማምንት በንግግር የምትረካ አይደለችም። «መጀመሪያ አርባ የስፌት መኪና አመጣለሁ፤ አርባ ሴት ስጡኝ፣ ሁለት ወር ይልመዱ። በመጨረሻው ቀን ደንበኞቼን ይዤ እመጣለሁ። አርባውም መኪና ሲሠራ ካዩና ሸሚዙ ካማራቸው ፋብሪካውን እዚሁ እተክላለሁ። ካልሆነ ግን መኪኖቼን ጭኜ እሄዳለሁ» አለችው። እሱም እሺ አለ። አንሙት መቼ እምቢ ብሎ ያውቃል!

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስፌት ላይ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ አሠልጣኝ ተባልኩ። «እህቱን ሾመ» ብለው አሙኝ። ይሙኝ! የገባሁት ለሹመት አይደለም፣ ለሂዊ ብዬ ነው። ሂዊ አንድዬ ልጄ ናት። አሥረኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣላት ሲል ፓስፖርት አውጥታ፣ ደላላ ይዛ፣ ቤሩት ልትሄድ ተነስታለች። ከሾላ በር የሄዱትን ልጆች አውቃቸዋለሁ። የጎረቤቴ ልጅ የተመለሰችው በሣጥን ነው። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። በመጨረሻ «እሺ፣ ፋብሪካው ከቆመ እቀራለሁ። ካልቆመ ግን እንዳትይዢኝ» ብላ ማለችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳስበው የምውለው ስለዚያ ፋብሪካ ብቻ ሆነ።

መኪኖቹ የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ውስጥ ተደረደሩ። ሂዊም ከአርባዎቹ አንዷ ሆና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ኧረ እነዚያ ሁለት ወራት! መብራት ሲመጣ ሰው ይቀራል፣ ሰው ሲሞላ መብራት ይጠፋል። አንዷ ዝክር አለብኝ ትላለች፣ አንዷ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው ትላለች። ከሁሉ የባሰው ለቅሶው ነው። የዕድር ጥሩንባ ሲነፋ አዳራሹ ባዶውን ይቀራል። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ለእሱም ማንም አይደርስለት፤ ምን ይበሉ? በዚያ መሃል አንድ ቀን ወይዘሮ ፀደንያ ሳትናገር ከተፍ አለች። ከአርባው ያገኘችው አሥራ አንድ ሴት ነው። ሌላው ቀብር ሄዷል።

«አቶ አንሙት፣ የማስረክበው ዕቃ በመርከብ የሚጫን ነው፤ መርከብ ቀብር አይጠብቅም» አለችው። «እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ካየሁ እዚህ አታዩኝም።»

አንሙት ላቡ በግንባሩ እየወረደ «አይደገምም! የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!» አላት። እንግዲህ ይህን የሚተርተው ልጅ የሌለው ሰው ነው። ብስጭት ብዬ ወጣሁ።

ከሴቶቹ ሁሉ እጇ የተባረከላት አይናዲስ ነበረች። ኮሌታ የምትሰፋው እሷ ናት፤ ሌሎቹ ይሞክሩታል እንጂ እንደ እሷ አያስተኙትም። አይናዲስ ከቀረች ሸሚዙ ሁሉ አንገት አልባ ሆኖ ይቆማል ማለት ነው። የምትኖረው ከእናቷ ከእማሆይ ወለተ ሰንበት ጋር፣ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው። እማሆይ ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ይዘዋል። ቀን ቀን ጎረቤታቸው ዲያቆን አምደሚካኤል ከነሚስቱ ያያቸዋል፣ ማታ ልጃቸው ታስታምማቸዋለች።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ሰኔ ነው፣ ዝናቡን ያወርደዋል። ሴቶቹ አንድ ሰዓት ላይ ገቡ። የወይዘሮ ፀደንያ ደንብ ነውና ስልካቸውን በር ላይ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጡ። አርባውም ተገኙ! መብራትም አለ። «ተመስገን» ብዬ ገና ከመቀመጤ ዲያቆን አምደሚካኤል በዝናቡ ሲሮጥ መጣ። አንሙትና እኔ በሩ ላይ አገኘነው።

«እማሆይ በጣም ታመዋል። አይናዲስን ጥራልኝ ብለውኝ ነው» አለ።

አንሙት አየኝ፣ እኔም አየሁት። በእኛ አገር እገሌ ሞተ ብሎ የሚመጣ መልእክተኛ አለ እንዴ? «ትንሽ አሟቸዋል» ተብሎ ሰውዬው ከሥራው ይወሰዳል፣ ደጃፉ ላይ ድንኳኑን ሲያይ ያኔ ይገባዋል። እኔም የአባቴን ሞት የሰማሁት እንዲሁ ነው።

«ዲያቆን፣ እውነቱን ንገረን። እኛ ባዕድ አይደለንም» አልኩት።

«በሚካኤል! በሕይወት አሉ። ስወጣ ውኃ በማንኪያ አጠጥቻቸው ነው። ልጄን፣ ልጄን ይላሉ።»

ዓይኑ ቀልቷል። ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል አድሮ እንደሆነ ያሰበ የለም፤ ሲያለቅስ መጥቶ ነው አልን። አንሙት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መርዶ ነጋሪ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚምለው» አለኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ዲያቆኑ በማርያም ማለ፣ በጊዮርጊስ ማለ። በማለ ቁጥር ለእኛ እማሆይ ይበልጥ ሞቱ። ወይ መድረቅ!

«እንግዲህ ሞተዋል። አሁን ብትሄድ አታስነሳቸውም» አለኝ አንሙት ወደ ጥግ ወስዶኝ። «ቀብሩ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይደርስም። እንግዶቹን እንደሸኘን ስምንት ሰዓት ላይ እንነግራታለን። መርዶ ቀን ተመርጦለት መነገሩ አዲስ ነገር ነው?»

«መርዶ የሚቆየው ለሩቅ ሰው ነው» አልኩት። «ልጅቷ ይችው ከግድግዳው ማዶ ናት፣ አንሙት።»

«ሂዊስ?» አለኝ።

የት እንደሚያመኝ ያውቃል፣ አብረን ነው ያደግነው። ወደ ዲያቆኑ ዞሬ «ሂድ፣ እልካታለሁ» አልኩት። አንሙት ደግሞ «የዕድሩን ዳኛ አቶ አስማማውን እስከ ስምንት ሰዓት ጥሩንባ እንዳያስነፋ ንገርልኝ» አለው።

«የምን ጥሩንባ?» አለ ዲያቆኑ አፉን ከፍቶ።

እዚህ ላይ እንኳ አልነቃንም። «በል ሂድ፣ ገብቶናል» ብለን ሸኘነው። እኔን ይድፋኝ!

እንግዶቹ አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ወይዘሮ ፀደንያና ሦስት ሰዎች ናቸው። አርባው መኪና እየጮኸ፣ ጨርቁ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ፣ እኔ በመሃል እየተንቆራጠጥኩ ስንቷን ተቆጣሁ! ጥፋት ያላጠፋችው ላይ ሁሉ ጮህኩ። አይናዲስን ብቻ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ከሰዎቹ አንዱ ሸሚዝ አንስቶ ኮሌታውን ገልብጦ አየና «ይህን የሠራችው የትኛዋ ናት?» አለ። አሳየሁት። አይናዲስ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ለምሳ ስንነሳ መጣችና «እትዬ የብርጓል፣ ሮጥ ብዬ ለእማሆይ አጥሚት አጠጥቻቸው ልምጣ?» አለችኝ።

«ዛሬ እንኳ ቁጭ በይ! እዚሁ ነው የምትበይው» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ደግሞ አንጀቴ አልችል ብሎ የራሴን ምሳ ዕቃ ከፍቼ አጎረስኳት። ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይሰማም ብዬ እኮ ነው! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አጎረስኳት። «ምነው ዛሬ እንዲህ ወደድሽኝ?» አለችና ሳቀች። ያቺን ጉርሻ ባስታወስኩ ቁጥር እጄን መቁረጥ ያምረኛል።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል እንግዶቹ ተስማሙ። ወይዘሮ ፀደንያ አንሙትን ጨብጣ «ፋብሪካው የእናንተ ነው» አለችው፣ እሱም አለቀሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። መኪናቸው አስፋልቱ ላይ እንደወጣ አንሙት እንባውን ጠርጎ መርዶውን የሚነግሩ ሽማግሌዎች ሊያስጠራ ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን ሳይነካ ዲያቆን አምደሚካኤል ነጠላውን አዘቅዝቆ በበሩ ገባ። ውኃ ከልብሱ ይወርዳል።

«አሁን ጥሩንባችሁን አስነፉ» አለን። «ሰባት ተኩል ላይ አረፉ። እስከዚያ ድረስ በር በሩን ሲያዩ ነበር። መጣሁ ብላለች እያልኩ ስዋሻቸው ዋልኩ።»

እልልታው ቀጥ አለ። አይናዲስ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ መጣች። አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። እኔን ነው የጠየቀችኝ።

«ጠዋት መጥቶ ነበር?»

«የሞቱ መስሎን...» አልኩ።

ጨርሼ ሳልናገር በዝናቡ ሮጠች። ሴቶቹ አንድ ሳይቀሩ ተከተሏት። ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆምኩ። አንሙት ያን ቀን እንኳ አፉን መያዝ አልቻለም፤ «እማሆይ ለልማታችን...» ብሎ ንግግር ሲጀምር ኮቱን ይዤ ጎተትኩት። ስንመለስ «ሳናውቅ ነው እኮ እትዬ፣ ሳናውቅ» ይለኛል። ብናውቅስ ምን እናደርግ ነበር? እሱን አልጠየቅሁትም፣ ራሴንም አልጠየቅሁ።

ቤት ስገባ ሂዊ ልብሷን ታጥፋለች። ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል።

«ፋብሪካው እኮ ቆመ! ምለሽልኛል!» አልኳት።

«ምያለሁ፤ ንስሐ እገባለሁ» አለችኝ። «እማዬ፣ በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው። ስሜን ስትጠሩ ሰማሁ። ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው ልጄ!»

«አውቃለሁ። እኔን የከበደኝም እሱ ነው። ቤሩት ሆኜ ብትታመሚና ባልደርስልሽ ባሕሩ ነው የከለከለኝ እላለሁ። እዚህ አንድ ግድግዳ ማዶ ሆኜ ባልደርስ ማን ከለከለኝ ልበል?»

ነሐሴ ላይ ሄደች።

ፋብሪካው በዓመቱ ተመረቀ። ሦስት መቶ ሃያ ሴት እንጀራዋን ትበላበታለች፣ ይህ ቀልድ አይደለም። አንሙት ለዞን ተሹሞ ደብረ ማርቆስ ገባ። አይናዲስም እዚያው ትሠራለች፣ ምን ታድርግ፣ መብላት አለባት። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ትለኛለች። እትዬ ማለቱን ትታዋለች።

ሂዊ እሁድ እሁድ ትደውላለች። «እማዬ ደህና ነሽ?» ትላለች። ደህና ነኝ እላለሁ። «እውነትሽን?» ትላለች። በሚካኤል እላለሁ፣ በማርያም እላለሁ፣ በአባቴ አጥንት እላለሁ። ከዚያ «እስቲ ስልኩን ለጎረቤት ስጪልኝ» ትለኛለች። ነጠላዬን ጣል አድርጌ እወጣና በሩ ላይ ላገኘሁት ሰው እሰጠዋለሁ።