የብስኩት ጣት

እና ደግሞ ሳህኔን ተምር ሞልታ ነው የመለሰችው፣ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም ብላ፣ ሃቢባ እኮ እንዲህ ናት፣ እኔ ያንን ሰርቼ እሷ ተምር፣ ያውም ለስላሳውን፣ አሁን በሩ ላይ ቆማ ሰጥታኝ ሄደች፣ ባሌ ፈትሁዲን ስቆ ሊሞት ነው ወላሂ እያለች፣ አንዱን አንስቶ ጥፍሩን ገምጦ የኔ ጣት ለካ ይጣፍጣል አለ፣ ልጆቹም ሳቁ፣ እንዳታፍሪ ገኒ፣ አውቀሽ አይደለም እኮ። አውቀሽ አይደለም። ሳህኑን ይዤ ቆሜያለሁ፣ አስቀምጪው እንጂ ገነቴ፣ የት፣ ጠረጴዛው ላይ አሁንም የሐሙሱ ብስኩት ዱቄት አለ።

ጣት። ጣት ነው የሰጠሁት፣ ሰው ሁሉ ሞልቶ ለጎረቤታችን ለባለሱቁ ለፈትሁዲን፣ ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት ለጎደለው ሰው፣ ከነጥፍሩ፣ ከነደሙ፣ በናፕኪን ሸፍኜ። ምድር ምነው አትውጠኝም።

ሚስ ሐዳሳ ናት ሐሳቡን ያመጣችው፣ የመዋዕለ ሕፃናታችን ዳይሬክተር፣ ስልኳ ላይ አይታ፣ ሃሎዊን እናክብር፣ የፈረንጅ ልጆች ጭንብል አድርገው ከረሜላ የሚለምኑበት ቀን ነው፣ ወላጅ የሰይጣን በዓል ብሎ እንዳይነሳብን የጭንብል ቀን እንበለው፣ ሚስ ገነቴ አንቺ ኬክ ትችያለሽ፣ ቀላል ነው፣ ቪዲዮውን ልላክልሽ። ቀላል ነው በእርግጥ። ቅቤና ስኳር መምታት፣ እንቁላል፣ ቫኒላ፣ ዱቄት፣ ሊጡን በመዳፍ ማድቦልቦል፣ ጣት እስኪመስል፣ መገጣጠሚያውን በቢላ ጫር ጫር፣ ኦቾሎኒ ለሁለት ከፍሎ ጫፉ ላይ፣ ጥፍር፣ ከኦቨን ሲወጣ ወፍራሙን ጎን ቀይ ማርማላታ ውስጥ ነከር፣ ደም። ልጆቹ ጮኹ፣ ሚስ የኔ ደማ፣ ሚስ የኔ ጣት ትልቅ ነው፣ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ከልቤ ሳቅኩ፣ አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም፣ የተረፈውን ሳህን ላይ አድርጌ ለፈትሁዲን ልጆች ብዬ ሱቁ ገባሁ፣ እንደ ልማዴ፣ ዓመቱን ሙሉ ሙዝ ስል፣ ዳቦ ስል፣ ቆጮ ስል፣ ባዶ እጄን ገብቼ አላውቅም። ናፕኪኑን በግራ እጁ ገለጠው። ጥፍሩን አየ። ከዚያ ሳቀ፣ የጠፉብኝን አገኘሽልኛ ገነቴ አለ፣ እኔ ወጣሁ፣ ሮጥኩ ማለት ይቀላል።

ዱቄቱም የወፍጯችን ነው። የዚያው ወፍጮ።

አምና፣ የመስቀል ሰሞን፣ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ፣ ከቦኖሻ ድረስ ስንዴ ጭነው የመጡ አሉ፣ ባሌ ሽብሩ ሺንሺቾ ሄዶ እኔ ነኝ ወፍጮውን የያዝኩት፣ መብራት ጠፋ፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋውም፣ ከቦታው ወጣ፣ ሰው ያጉረመርማል፣ ፈትሁዲን ሱቁን ለሃቢባ ትቶ መጣ፣ ማንም አልጠራውም፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ገነቴ ማጥፊያውን አጥፍተሻል አለኝ፣ አጥፍቻለሁ አልኩት፣ ስልኬ ላይ ነበርኩ፣ የኬክ ቪዲዮ፣ ጽጌረዳ በክሬም አሠራር፣ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም፣ አጥፍቻለሁ። አላጠፋሁም። ቀኝ እጁን አስገብቶ ቺንጋውን ሲመልስ መብራት መጣ፣ ውጪ ያሉት ልጆች መጣ ብለው ጮኹ፣ በደስታ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ የሱ ጩኸት ከነሱ ጩኸት ጋር ተደባለቀ፣ መጀመሪያ የሰማሁት የልጆቹን ነው። ሰው ሁሉ እሱን ሲያነሳ እኔ ምን አደረግኩ፣ በግድግዳው በኩል ሄጄ ማጥፊያውን አጠፋሁ። ያኔ። ማንም ሳያየኝ። እግዚአብሔር ሆይ ያ እጅ የኔ ነው፣ አምስቱም ጣቶቹ አሉ።

መብራት ነው አሉ፣ ጠፍቶም ይመጣል አሉ፣ ሽማግሌዎቹ የእግዜር ቁጣ ነው አሉ፣ ሽብሩ የሕክምናውን ሁሉ ቻለ፣ ደግ ሰው ተባልን። ደግ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የተቆረጠው ሌባ ጣቱና የመሃሉ ነው። ሌባ ጣት፣ ስም አወጣጥ፣ ሌባዋ እዚህ ቆማ ተምር ይዛለች። ስኳር በግራው ነው የሚመዝነው፣ መልስ በግራው ነው የሚሰጠኝ፣ በሰጠኝ ቁጥር በግራዬ ይቅርታ ይለኛል፣ እሱ እኔን፣ ዓመት ሙሉ፣ እኔም ምን ችግር አለው እላለሁ፣ ይቅር እለዋለሁ እኮ፣ የኔ ነገር።

ለጌታ ነግሬዋለሁ፣ ተንበርክኬ፣ አልቅሼ፣ ሰላም አገኘሁ ብዬ ሁሉ ነበር፣ ግን የጌታ ጣት አልተቆረጠም፣ የተቆረጠው የፈትሁዲን ነው፣ ይቅር በለኝ እንዲህ ማለቴን። አሁን ደግሞ እሱም ይቅር ብሎኛል፣ ስቆ፣ በልቶ፣ ተምር ልኮ፣ ለብስኩቱ። ለብስኩቱ ነው ይቅር የተባልኩት። ሌላውን አያውቀውማ።

ምን ልውሰድለት፣ ዳቦ ልጋግር፣ አቮካዶ አለ፣ አይ፣ እንደገና ልትሸፍኚው ነው ገነቴ፣ እንደገና በናፕኪን። ተምሩን አስቀመጥኩ፣ ዱቄቱ ላይ፣ ይሁን። እጄን ታጠብኩ። ሽብሩስ ምን ይለኛል፣ ጉርብትናው፣ ሃቢባ ዳግመኛ ገኒ ትለኛለች ወይ፣ አትለኝ ይሆናል፣ ነጠላዬን የት ነው ያደረግኩት፣ ተይው ነጠላውን።

ሃያ እርምጃ ነው፣ ከግቢያችን እስከ ሱቁ፣ ሃቢባ ጓዳ ናት፣ ድምጿ ይሰማል፣ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፣ ሰው ቢኖር ተመልሼ ነበር፣ ፈትሁዲን ቀና አለ፣ ገና ሲያየኝ መሳቅ ጀመረ፣ ዛሬስ ምኔን ይዘሽልኝ መጣሽ አለ፣ እጆቼን አሳየሁት፣ ምንም፣ በይ ለልጅሽ ብሎ ከዕቃው ከረሜላ ዘግኖ ዘረጋልኝ፣ በግራዬ ይቅርታ ሊል ነው፣ አፉ ተከፈተ፣ አትበለኝ አልኩት፣ አትበለኝ ፈትሁዲን፣ ያን ቀን አጥፍተሻል ስትለኝ፣ አላጠፋሁትም ነበር፣ አንተን ሲያነሱህ ነው ሄጄ ያጠፋሁት። ከረሜላው በግራ እጁ ላይ ነው፣ ሳቁም ፊቱ ላይ አለ፣ ገና አልወረደም።