የኸውሩ ሁመር

በሕልሟ ዛፎቹ ይሄዱ ነበር። ወንዝ ሲሻገሩ ቀሚሳቸውን እንደሚሰበስቡ ሴቶች፣ ሥሮቻቸውን ከጥቁሩ ዋልካ መሬት ሰብስበው፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም ወደ ገላባት ያዘግማሉ። አሰጋሽ ልትጠራቸው አፏን ስትከፍት ድምፅዋ ቅጠል ሆኖ ረገፈ።

ነቅታ ከሣሩ ዳስ ወጣች። ገና ጎሕ እየቀደደ ነው። የማሽላው ማሳ በጭጋግ ውስጥ ዳርቻው ሳይታይ ተንጣሏል። ከባሏ ከክንፉ ጋር መጀመሪያ ለአረም ከመተማ ወደ ሱዳን ሲሻገሩ ይህ ሁሉ ደን ነበር፤ ቆቅ ይጮህበታል፣ ዝናቡም ቀኑን አይስትም። አሁን የቀረው ክረምት ብቻ በሚፈሰው ኸውር ዳር፣ ትልቁን ሁመር ከመካከሉ ይዞ የቆመው ጥቂት ዛፍ ነው። ዛሬ እሱም ሊቆረጥ ነው።

ትናንት አመሻሽ ክንፉ መጥረቢያውን ሲስል፣ «ሁመሩንም?» ብላው ነበር።

«የእርሻው ወኪል አንድም እንዳይቀር ብሏል። እምቢ ካልን ያባርረናል።»

«ታዲያ ምሳችሁን በማን ጥላ ልትበሉ ነው?»

ክንፉ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

ወደ ኸውሩ ወረደች። ከሁመሩ ሥር አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ውሃ ውሃ ይሸታል። አምና በወባ ስትነድ ክንፉ ተሸክሞ ያስተኛት እዚህ ነበር፤ ጎምዛዛውን ፍሬ በጥብጦ ያጠጣትም እዚሁ። ጉንጯን ከግንዱ አስጠጋች። ከውስጥ አንድ ነገር፣ ምናልባት የራሷ ደም፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ተሰማት።

«ምን ላድርግልህ?» አለችው።

እጇ ሳታዝዘው ወደ አንገቷ ሄደ። ማተቧን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውልቃው አታውቅም። ግንዱን ሊዞር ስለማይችል ከዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ አሰረችው። ነፋሱ ባዶ አንገቷን ሲነካው በሰው ፊት ራቁቷን የቆመች መሰላት።

ወንዶቹ ከፀሐይ ጋር መጡ። ከፊት የነበረው ምንይችል መጥረቢያውን እንዳነሣ ቀረ። ከጥቁሩ ክር ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል ትወዛወዛለች።

«ኧረ ይሄስ ክርስትና ተነሥቷል!» አለ። «የክርስትና አባቱ ማን ይሆን?»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። አንዱ ሳይታወቀው ጫማውን አወለቀ።

ወኪሉ ረድዋን ከትራክተሩ ላይ ሆኖ ጮኸ። «ያላ! ምን ይገትራችኋል? የማይሠራ ዛሬውኑ ወደ አገሩ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ክንፉ ማተቡን አየ፤ ዞሮ የሚስቱን አንገት አየ። ክሩ በነበረበት ቦታ ፀሐይ ያልነካው ቀጭን መስመር ቀርቷል። አሰጋሽ ዓይኗን አላሸሸችም። ከበላያቸው ቅጠሉ ሊሄድ እንደተነሣ ሰው ተንሾካሾከ።

ክንፉ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያም እጁን ቀስ ብሎ ወደ አንገቱ ማተብ እየሰደደ፣ ወደሚቀጥለው ዛፍ ተራመደ።